የአፀደ እጅ ጽሕፈት

ፍራንክፈርት፣ ኅዳር 8 ቀን 1950 ዓ.ም.

ይድረስ ለእኅቴ ለወይዘሪት አፀደ ቦጋለ፣ መካኒሳ

የአክስትሽ ልጅ ሙሉሰው ማሞ ከባሕር ማዶ ሆኜ ሁለት ጉንጭሽን እስማለሁ። አባባ ቦጋለ እንደምን ናቸው? ዓይናቸውስ? ከአቦ ቅዳሴ አሁንም ያለ መሪ ይመለሳሉ? እኔ ከብርዱና ከናፍቆታችሁ በቀር ደኅና ነኝ፤ ስሙ ይመስገን።

ዝም ያልኩት የምነግርሽ ነገር እስኪኖረኝ ነው። አሁን አለኝ። እዚህ የምማርበት ቤት የማተሚያ ፊደል የሚቀረጽበት ነው። አንድ ሆሄ በቀጭን የብረት ጫፍ ላይ ተገልብጦ ይቀረጻል፤ ብረቱ መዳብ ላይ ይመታል፤ በመዳቡ ጉድጓድ የቀለጠ እርሳስ ይፈሳል። መጽሐፉንም ጋዜጣውንም የሚያትመው ከዚያ የሚወጣው ነው። አስተማሪዬ ጌታ ክሩገር የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ባለፈው ሰሞን ደብዳቤሽን ጠረጴዛዬ ላይ አዩት። ማንበብ አይችሉም፤ ግን በማጉያ መነጽር ግራ ቀኝ እያዞሩ ብዙ ቆዩበት።

«ማነው ይህን የጻፈው?» አሉኝ።

«የአጎቴ ልጅ ናት።»

«ወረቀቱን ሳትነካው ነው እንዴ የምትጽፈው?»

አፀድዬ፣ የእኛ ማተሚያ ፊደል ሁሉ ድፍንና ወፍራም ነው። ለመጽሐፍ ይሆናል፤ ለሠርግ ጥሪ፣ ለክርስትና ካርድ፣ ለሽቶ ጠርሙስ ግን ሰው ለሰው በእጁ የጻፈው የሚመስል ቀጭን ፊደል የለንም። ጌታ ክሩገር «የዚህችን ሴት እጅ እንቅረጸው» አሉ። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ሠላሳ ሦስቱን ቤት፣ ሰባት ሰባቱን፣ አንዱን ሆሄ አውራ ጣት አሳክለሽ ጻፊልኝ። አትቸኩዪ፤ ቤት በቤት ላኪው። ሲያልቅ የፊደሉ ስም «አፀደ» ይሆናል። ይህን ከአሁኑ አስፈቅጃለሁ።

ወንድምሽ ሙሉሰው


መካኒሳ፣ ጥር 20 ቀን 1950 ዓ.ም.

ለወንድምዓለሜ ለሙሉሰው፤ አቦ በሄድክበት ይከተልህ።

ደብዳቤህን ለአባባ አነበብኩላቸው። ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። «የእኔን ልጅ እጅ ጀርመን አየው?» ብለው ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ ኮስተር አሉ። «ጸሐፊ ሲጽፍ ይጾማል፣ ይጸልያል። ያንን እርሳስ የሚያፈሰው ሰውዬ ይጾማል ወይ? ብለሽ ጠይቂልኝ» አሉ። ይኸው ጠየቅሁህ።

ታውቃለህ፤ እኔን መጻፍ ያስተማሩኝ ብራና ሲፍቁ የሚያግዛቸው ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ነው። የመቃ ብዕሩን ጠበቅ አድርጌ አልይዝም ብለው ሲቆጡኝ ነው ያደግሁት። «ይህ ጽሕፈት አይደለም፤ የሸረሪት ድር ነው» ይሉኝ ነበር። አሁን ድሩ ጀርመን ገባ አልኳቸው።

ከ«ሀ» እስከ «መ» አራቱን ቤት ልኬልሃለሁ። ፖስታ ቤት የሚያደርስልኝ ነገሪ ነው፤ ከወንዙ ማዶ ያሉት የአቶ ዱጉማ ልጅ። አሁን የጭነት መኪና ሾፌር ሆኗል፤ በጅማ መንገድ ይመላለሳል። ወረቀቱ እንዳይታጠፍ በጨርቅ ጠቅልሎ ከመቀመጫው ኋላ ያቆመዋል። «ውስጡ ምን አለ?» ሲለኝ «ሀሁ» አልኩት። «ሀሁ ለመቁጠር ጀርመን ድረስ?» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። መልስህን በእርሱ አሠሪ የፖስታ ሣጥን አድርገው፤ ቶሎ ይደርሰኛል።

የአብዶ ሱቅ የብዕር ጫፍ ወረቀት ይቧጥጣል። ከተቻለህ ጥሩ ጥሩውን ላክልኝ።

እኅትህ አፀደ


ፍራንክፈርት፣ መጋቢት 17 ቀን 1950 ዓ.ም.

ለአፀድዬ፤ ሰላምና ጤና ከነአባባ ይብዛላችሁ።

ለአባባ መልስ አለኝ። ጌታ ክሩገር «በጦርነቱ ጊዜ ብዙ ጾሜአለሁ፤ እርሱ ይቆጠርልኝ እንደሆነ ጠይቅልኝ» ብለዋል።

የመጀመሪያው ሆሄሽ ተቀረጸ። «ለ» ነው። ዘጠኝ ቀን ፈጀብኝ፤ ቀጭኑ እግሩ ሁለት ጊዜ ተሰበረብኝና እንደገና ጀመርኩት። በመጨረሻ ቀለም ነክተን ወረቀት ላይ ስናሳርፈው ራስሽ አጠገቤ ሆነሽ የጻፍሽው መሰለኝ። ጌታ ክሩገር ባርኔጣቸውን አወለቁ።

አሥራ ሁለት የብዕር ጫፍ በዚህ ፖስታ ውስጥ አለ። ነገሪን አመስግኚልኝ። ስለ እርሱ ብዙ ጻፍሽ፤ አላስተዋልኩም ብለሽ ነው?

ሙሉሰው


መካኒሳ፣ ነሐሴ 14 ቀን 1950 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሙሉሰው፤ ዝናቡ ቢበዛም ሁላችንም በሰላም ከርመናል፤ አንተን ፈጣሪ ይጠብቅህ።

አስተውለህ ኖሯል! የነገሪ ቤተ ሰቦች ሽማግሌ ላኩ። አባባ ሁለት ጊዜ መለሷቸው፤ በሦስተኛው እናቱ እማማ ገዲሴ ራሳቸው መጥተው በራችን ላይ ቁጭ አሉ። «ልጅቷን ካልሰጡኝ ክረምቱን እዚሁ ነኝ» አሉ። አባባ ሳቃቸውን መያዝ ሲያቅታቸው እሺ አሉ። ቀለበት አጥልቆልኛል። ቤታችን በወንዙ ማዶ ይሠራል፤ ሠርጉ ግን የከርሞው ፋሲካ አልፎ ለቀጣዩ ነው።

ከ«ሠ» እስከ «ነ» ያሉትን ቤቶች ልኬአለሁ። «ሸ» ላይ ትንሽ ኩራት አለብኝ፤ እይልኝ።

በቀኝ ክንዴ ላይ ቋቁቻ የመሰለች ነጣ ያለች ነገር ወጥታለች። አታሳክከኝም። ትንሿ ጣቴም አንዳንዴ ትደነዝዛለች፤ መጻፍ ስላበዛሁ ነው መሰለኝ። አገሩ ብርድ ነውና የሱፍ ጓንት ካገኘህ ላክልኝ፤ ሙቀት ይፈታት ይሆናል።

እኅትህ አፀደ


ፍራንክፈርት፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1951 ዓ.ም.

ለእኅቴ ለአፀደ፤ እንኳን ደስ አላችሁ! ለነገሪም ለአባባም ይድረስልኝ።

ጓንቱ ይኸው። የ«ሸ» ቤት ሰባቱም አምረው ወጥተዋል።

ነገር ግን በኋላ የላክሽው «ከ» እና «ወ» አሳዝኖኛል። መሥመሩ ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንዱ እግር ወፍሮ አንዳንዱ ቀጥኗል። ጌታ ክሩገር «ይህን ሌላ ሰው ነው የጻፈው» ብለው መለሱልኝ። ሌላ ሰው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ልብሽ ሠርጉ ላይ ሆኖ ነው። አልፈርድብሽም። ግን እኅቴ፣ አንድ ጊዜ በብረት ከተቀረጸ ለዘላለም ነው። ታግሠሽ እንደገና ጻፊው። እንደ ቀድሞሽ ጻፊው፤ ሌላ ምንም አልልሽም።

ሙሉሰው


መካኒሳ፣ ሰኔ 21 ቀን 1951 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሙሉሰው፤ ስለዘገየሁ ይቅር በለኝ።

ስለ «ከ» እና ስለ «ወ» ያልከው ልክ ነው። እንደገና ጽፌ ልኬልሃለሁ። ከ«ዐ» እስከ «ጠ» ያለውንም ጨምሬአለሁ። ጌታ ክሩገርን ይቅርታ በልልኝ።

ሽማግሌዎቹ ቀን ቆረጡ፤ እሑድ ሚያዝያ 23 ቀን 1952 ዓ.ም. ነው። የቤቱ ጣሪያ ተመቷል። ነገሪ ከጅማ በተመለሰ ቁጥር የሆነ ነገር ይዞ ይመጣል፤ አንዴ ወንበር፣ አንዴ የመስኮት መስተዋት።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንዲት ጎረቤት አለችኝ። በከሰል ካውያ ልብስ ስትተኩስ እጇ ተቃጠለ፤ መቃጠሏን ያወቀችው ሽታው ሲሸታት ነው። ሕመም አልተሰማትም። ሁለቱ ጣቶቿም መታጠፍ ጀምረዋል። ሰው እንዲያውቅባት አትፈልግም። እዚያ ያሉ ሐኪሞች ምን ይላሉ? ለእርሷ ብለህ ጠይቅ። ስሟን አልነግርህም፤ ቃል ገብቼላታለሁ።

እኅትህ አፀደ


ፍራንክፈርት፣ መስከረም 6 ቀን 1952 ዓ.ም.

ለአፀድዬ፤ አዲሱ ዓመት የሠርግ ዓመት ይሁንልሽ።

ሐኪም ጠየቅሁ። «ነገ ሳትል ዛሬ ሐኪም ቤት ትሂድ» ብሏል፤ የበሽታውን ስም ነግሮኝ ለመጻፍ ከበደኝ። ጎረቤትሽን ውሰጃት፤ አንቺ ግን ዕቃዋን አትንኪ። ሠርግሽ እየደረሰ ነውና ራስሽን ጠብቂ።

አሁን ደስ የሚለውን ልንገርሽ። የሚቀረን ጥቂት ቤት ብቻ ነው። ከሁሉ ይልቅ «ፀ»ን ቶሎ ላኪልኝ። ለምን አትበዪኝ፤ ያለ «ፀ» የማይሠራ አንድ ነገር አስቤአለሁ። ለሠርግሽ ነው። ከዚህ በላይ አላወራም።

ሙሉሰው


መካኒሳ፣ ኅዳር 2 ቀን 1952 ዓ.ም.

ወንድሜ፣ ሰላም ላንተ ይሁን።

እስከ «ፈ» ያሉት እነዚህ ናቸው። «ፐ»ን አልጻፍኩም። ከእንግዲህ አትጠብቀኝ።

ለሠርጉ ያሰብከውን ተወው፤ አትድከም።

አፀደ


ፍራንክፈርት፣ ጥር 3 ቀን 1952 ዓ.ም.

ለሙሽራዋ እኅቴ፤ አምላክ ያሰባችሁትን ያድርስላችሁ።

አትድከም አልሽኝ፤ እንዴት አልደክምም? ሣጥኑን በመርከብ ልኬዋለሁ፤ ለዐቢይ ጾም ማለቂያ ይደርሳል። ሁለት መቶ የጥሪ ካርድ ነው። በዚህ ዓለም ላይ በአንቺ ፊደል የታተመ የመጀመሪያው ወረቀት የራስሽ የሠርግ ጥሪ እንዲሆን ፈልጌ ነው። «ፀ»ን ራሴ ቀርጼ፣ እርሳሱን ራሴ አፍስሼ፣ የማተሚያ መኪናውንም ራሴ ነው ያዞርኩት። ጌታ ክሩገር ወረቀቱን ከራሳቸው ገዙልሽ።

ነገሪ ሲያየው ምን እንዳለ ጻፊልኝ።

ሙሉሰው


መካኒሳ፣ እሑድ ሚያዝያ 23 ቀን 1952 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሙሉሰው ማሞ፤ ሰላም ለአንተ ይሁን።

ጽሕፈቱ እንዳያስደነግጥህ። በግራ እጄ ነው። የምጽፍበትም በካርዶቹ ጀርባ ላይ ነው፤ ስድስቱን ቁጥር ሰጥቼአቸዋለሁ፤ በተራ አንብባቸው። ሌላ ወረቀት አጥቼ አይደለም። ይህን ያህል ወረቀት የት አደርገዋለሁ?

ጎረቤት የለችኝም። እኔ ነኝ።

መስከረም የጻፍከው እንደ ደረሰኝ ለማንም ሳልናገር ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሐኪሙ መርፌ ያዘና፣ «ዓይንሽን ጨፍኚ፤ ሲነካሽ ነካኝ በዪ» አለኝ። ጨፍኜ ጠበቅሁ። ጠበቅሁ።

«ጀምር እንጂ» አልኩት።

«ጨርሻለሁ» አለኝ።

ዓይኔን ስገልጥ እጄ ላይ ደም በየቦታው ነጥብ ነጥብ ብሏል።

የሥጋ ደዌ ነው። መድኃኒቱ በሽታውን ያቆመዋል፤ እጄን ግን አይመልሰውም። «ከ» እና «ወ»ን እንደገና ጻፊ ያልከኝ ጊዜ፣ ብዕሩን በጨርቅ ከጣቶቼ ጋር አስሬ አሥራ አንድ ጊዜ ነው የጻፍኩት። ልቤ ሠርጉ ላይ ሆኖ አልነበረም። ይህን የምልህ ልወቅስህ አይደለም፤ እንድታውቀው ብቻ ነው።

በገና ማግስት ለነገሪ ነገርኩት። መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ ነበር፤ ሞተሩን እንኳ አላጠፋም። ቀለበቱን ሰጠሁት።

«ምን አጠፋሁ?» አለኝ።

ክንዴን አሳየሁት። አየው። ከዚያ ቀለበቱን መልሶ መሬት ላይ፣ እግሬ ሥር አስቀመጠው። «እጠብቃለሁ። ሲሻልሽ ታነሺዋለሽ» ብሎ ሄደ። አንስቼ ለእናቱ ላክሁላቸው። እርሱ እሺ ቢል እኔ እሺ አልልም። ልጅ ብወልድ፣ በማቀፌ ብጎዳውስ? ሐኪሙ አይጎዳም ይላል። እኔ ግን ያንን ፍርሃት ተሸክሜ ቤቱ አልገባም።

አሁን ስለ ሣጥኑ ልንገርህ። የመጣው በአሠሪው የፖስታ ሣጥን ስም ስለሆነ ያመጣው ነገሪ ነው። በሆሣዕና ዋዜማ፣ በቀን፣ ተሸክሞት በራችን ላይ ቆመ። «ከጀርመን ነው» አለ። ለአባባ መጽሐፍ መሰለኝ። ግቢው ውስጥ በመዶሻ ከፈተው። አንዱን ካርድ አወጣና ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። «መሪጌታ ቦጋለ እና አቶ ዱጉማ የልጆቻቸውን የወይዘሪት አፀደንና የአቶ ነገሪን ጋብቻ…»

አቆመ። ሁለተኛ አወጣ። ሦስተኛ አወጣ። ወንድሜ፣ እንዴት አድርገህ ነው እንዲህ የሠራኸው? የእኔ እጅ ነው። የ«ነ» አንገት፣ የ«ገ» እግር፣ ሁሉ የእኔ ነው። ነገሪ ማተሚያ አልመሰለውም። ወደ ጀርመን የምልከው ምን እንደ ነበረ ነግሬው አላውቅም፤ ሀሁ ነው ብዬ ስቄበት ቀርቻለሁ። በእጄ ጽፌው ጀርመን ደርሶ የተመለሰ መሰለው። ፊቱ በራ።

«ይህን ሁሉ መቼ ጻፍሽው?» አለኝ። «ታዲያ ሐሳብሽን ለውጠሽ ነዋ! ሁለት መቶ!»

እኔ አልጻፍኩትም ለማለት አፌ እንዴት እንደ ከበደኝ። ስነግረው ካርዶቹን አንድ በአንድ ወደ ሣጥኑ መለሳቸው። ጫፋቸውን ሁሉ አስተካከለ። አንዷን ግን «ይህችን ልያዝ?» አለኝ። ያዝ አልኩት።

ዛሬ ቀኑ ነው። አባባ ከቅዳሴ ሲመለሱ ጓሮ ገብተው ቆዩ። የምነግርህ ሌላ ነገር፣ በሚመጣው ሳምንት ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የሕሙማን መንደር እገባለሁ። ጎረቤት ሐሜት ጀምሯል፤ ዕቃችንን የሚዋሰን የለም፤ አባባንም ከማኅበር ጽዋ ዝለሏቸው ተብሏል። እኔ ከወጣሁ ይተዋቸዋል።

ጓንቱ ይሞቃል። አመሰግናለሁ።

አፀደ


ፍራንክፈርት፣ ጥር 25 ቀን 1953 ዓ.ም.

ለክብርት እኅቴ ለወይዘሪት አፀደ ቦጋለ

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ደኅና ነኝ። ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ በሥራ ብዛት መልሱን ሳልጽፍ ወራት አለፉ። በደረሰብሽ ነገር እጅግ አዝኛለሁ። የፈጣሪን ፈቃድ ማን ይመልሳል።

ፊደሉ ተፈጽሟል። የ«ፐ»ን ቤት ከሌሎቹ አመሳስዬ እኔው ሞልቼዋለሁ። አዲስ አበባ ያለ አንድ ማተሚያ ቤት ገዝቶታል፤ እኔም ትምህርቴን ስጨርስ እዚያ እቀጠራለሁ።

ጌታ ክሩገር በጥቅምት አረፉ። ለአባባ ንገሪያቸው።

ምሕረቱን ያውርድልሽ።

ሙሉሰው ማሞ


ከሕሙማን መንደር፣ ግንቦት 4 ቀን 1953 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሙሉሰው፤ ጤናህን ያብዛልህ። የጌታ ክሩገርን ነፍስ ይማርልኝ። አባባ «ጾማቸው ተቆጥሮላቸዋል በዪው» ብለዋል፤ በየወሩ አጥሩ ድረስ ይመጣሉ፤ መሪ ይዘው።

ምን ብለህ ልትጽፍልኝ እንደ ቸገረህ ከደብዳቤህ አየሁት። «ክብርት» ብለኸኝ አታውቅም ነበር።

ነገሪ በጥር አገባ። እማማ ገዲሴ ከሌላ ሰው እንዳልሰማው ብለው ራሳቸው መጥተው ነገሩኝ። አጥሩን ይዘው አለቀሱ፤ እኔም በዚህ በኩል። ደግ አደረገ፤ አንድ ዓመት ጠብቋል።

እዚህ ልጆች አሉ፤ የታመሙም፣ ከታመመ የተወለዱም። የሚያስተምራቸው ስለሌለ ሁንዴሳ የሚባል አናጢ፣ እርሱም ሕመምተኛ ነው፣ ሰሌዳ ሠራልኝና ሀሁ አስቆጥራቸዋለሁ። በግራ እጄ ስጽፍ ይስቁብኛል። አንዷ «የአንቺ ሀ አንካሳ ናት» አለችኝ።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ስሜን የያዘው ፊደል ሙሉው የታተመበት አንድ ቅጠል ናሙና ላክልኝ። ልጆቹን «ይህ እጄ ነበር» ልላቸው እፈልጋለሁ።

እኅትህ አፀደ


ጎፋ፣ ጥቅምት 11 ቀን 1955 ዓ.ም.

ለወይዘሪት አፀደ ቦጋለ

እንኳን ከዘመን ዘመን አሸጋገረሽ። ከባሕር ማዶ ከተመለስኩ ሁለት ወር ሆነኝ፤ ጎፋ ቤት ተከራይቼ ተቀምጫለሁ። ሥራ ፋታ አልሰጠኝም፤ አንድ ቀን ብቅ እላለሁ።

የለመንሽኝ ናሙና ከዚህ ጋር አለ። በፊደሉ የታተሙ ካርዶችንም ጨምሬአለሁ፤ የሠርግ፣ የክርስትና፣ አንድ የሐዘን ምስጋና፣ የሳሙና መጠቅለያም አለ። ሰው ወድዶታል። ቀጭን ስለሆነ ቶሎ ይሰበራልና ለጋዜጣ አይሆንም፤ ሰው ልቡን ለሚገልጥበት ነገር ግን የሚፈልጉት እርሱን ነው።

ሙሉሰው ማሞ


ከሕሙማን መንደር፣ ኅዳር 1 ቀን 1955 ዓ.ም.

ወንድሜ ሙሉሰው፣ እንኳን ለአገርህ አፈር አበቃህ።

ብቅ እላለሁ አልክ። ብቅ ብለህ ነበር እኮ። ያለፈው ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ። ልጆቹን ሰሌዳው ሥር ይዤ ሳለሁ ከአጥሩ ውጭ አየሁህ። ግራጫ ካፖርት ለብሰሃል፤ ባርኔጣህን በእጅህ ይዘሃል፤ ጠጉርህ ሳስቷል። የአክስቴን አረማመድ ስለያዝክ ከሩቅ ነው የለየሁህ። አንድ አባታችን ሆይ እስኪደገም ያህል ቆምክ። እጄን ላነሳልህ ስል የትኛውን እንደማነሳ ግራ ገባኝ፤ እስክወስን ዞረህ ሄድክ።

አልቀየምኩህም። ከዚህ አጥር የተመለሰ አንተ የመጀመሪያው አይደለህም።

ናሙናው ግን አሳዘነኝ። ልጆቹን ሰብስቤ ገለጥኩላቸው። ማንበብ የቻለችው ልጅ ከላይ ካለው ከፊደሉ ስም ጀመረች፤ «ሙሉሰው ቀጭን» አለች። «ሙሉሰው ማነው?» አለችኝ። ወንድሜ ነው አልኳት። «ታዲያ ይህ እጄ ነበር አላልሽም?» አለች። ውሸታም መሰልኳቸው።

ፊደሉን በስሜ ጥራው ብዬ የለመንኩህ እኔ አይደለሁም። አንተ ነህ የነገርከኝ።

አፀደ


ጎፋ፣ ኅዳር 14 ቀን 1955 ዓ.ም.

አፀድዬ፣

ሰላምታ ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀደድኩ፤ ሰላምታው ይቅር።

ያ በካርዶቹ ጀርባ የጻፍሽው ደብዳቤ ሲደርሰኝ አንብቤ አለቀስኩ። ከዚያ ተነሥቼ እጄን በሳሙና ታጠብኩ። ሁለት ጊዜ። በማግስቱ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ራሴን አስመረመርኩ፤ ከሁለት ዓመት በላይ ወረቀትሽን ስነካ ኖሬአለሁ ብዬ። ሐኪሙ አፈረብኝ። ስምንት ወር ዝም ያልኩት በሥራ ብዛት አልነበረም።

ማተሚያ ቤቱ ፊደሉን ሲገዛ ባለቤቱ «የማን እጅ ነው?» አለኝ። ስምሽን ልጠራ አፌን ከፈትኩ። የሠርግ ካርድ ነው የሚታተምበት፤ ሰው ቢሰማ ማን ይገዛል አልኩ በልቤ። «የእኔ ነው» አልኩት። እንዲህ በአንዲት ቃል ነው የወሰድኩብሽ።

ያሁኑ ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዕለት ለባለቤቱ እውነቱን ነገርኩት። ከዚያ ከግድግዳው ላይ ናሙናውን ነቀለ፤ በእጁ እንኳ አልነካውም፣ በመቀስ ጫፍ ነው። ሠራተኞቹን «እርሳሱን አቅልጡት» አላቸው። ከፊቴ አቀለጡት። የብረቱና የመዳቡ ቅርጽ ቀደም ብሎ እኔ ዘንድ ነበርና እርሱ ተርፏል። እኔንም አሰናበተኝ።

ያን ቅዳሜ አጥሩ ሥር ቆሜ አየሁሽ። በግራ እጅሽ «ሀ» ስትጽፊ ነበር። የተመለስኩት በሽታውን ፈርቼ ብቻ አይደለም። ያንን የቀኝ እጅሽን በልብስሽ ውስጥ ደብቀሽው ሳይ፣ እኔ አሥራ አንድ ጊዜ ያስጻፍኩት እጅ እርሱ ነው ብዬ ነው ዞሬ የሄድኩት።

ልምጣ ወይ? እምቢ ብትዪኝ ይገባኛል።

ሙሉሰው


ከሕሙማን መንደር፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 1955 ዓ.ም.

ሙሉሰው፣

ደብዳቤህን ሁለት ሳምንት ሙሉ ስይዘው ስጥለው ቆየሁ። መቅለጡን ሳነብ፣ ምን እንደ ተሰማኝ ልነግርህ ብጀምር አያልቅም። ያ እጅ ሁለት ጊዜ ሞተብኝ። ስለታጠብከው ግን አትጨነቅ፤ እኔም ራሴ መጀመሪያ ሰሞን ቀኝ እጄን ስታጠብ ነበር የምውለው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ና። አጥሩ ዘንድ አትቁም፤ በበሩ ግባ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው። ምንም ይዘህ አትምጣ። ዘበኛው ማንን ትፈልጋለህ ብሎ ይጠይቅሃል፤ ጆሮው ትንሽ ከበድ ይላልና ስሜን ጮክ ብለህ ንገረው።

አፀደ